በቅሎ አይደለሁም ያለው ሞተር

ተረት ተረት! «የመሠረት» ልትሉኝ ነው? ተዉት፣ ይሄኛው ተረት መሠረት የለውም፤ ያለው ጎማ ነው። «ይንከባለል» በሉኝ።

ይንከባለል አላችሁ? እንዲያ ነው። ቀረብ በሉና ስሙኝ። ስታንሾካሹኩ ካገኘኋችሁ ግን እዚያው ላይ አቆመዋለሁ፤ ዛሬ ትዕግሥቴ አጭር ነው፣ ምክንያቱን ደግሞ ተረቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ምንቸትም ይናገር ነበር፣ በርም ይናገር ነበር፣ መኪናም ይናገር ነበር። ሰው ግን ያኔም አይሰማም ነበር። በዚያ ዘመን ከገደል አፋፍ ወዲያ፣ ሜዳው ዳር በተቀመጠች መንደር አያ ቢራራ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። አያ ቢራራ ሃያ ዓመት ሙሉ በቅሎ ጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ሲመላለስ የኖረ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፋቱ አንድ ብቻ ነበር፤ በዚህ ዓለም ላይ ከበቅሎ ሌላ የሚሄድ ነገር መኖሩን አያምንም።

አያ ቢራራ ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ታች፣ ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ሊያወርዷት ሞከሩ። ገደሉ ረጅም ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሕፃኑ ተወለደ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሞተ። አሁን ስንዱ ሁለተኛውን አርግዛለች፤ ልትወልድም አባቷ ቤት መጥታለች። አያ ቢራራ ያን ቃሬዛ ሁለተኛ ላለማየት ማለ። በሬዎቹን ሸጠና በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት አንዲት አሮጊት መኪና ገዛ። ስሟ እሜቴ ነበር። እሜቴ ግን ገና መንደሩን ሳታይ፣ እዚያው ከገደሉ ግርጌ፣ የቤንዚን ሞተሯ ክው ብሎ ሞተ።

በከተማው ኡስታ ኑሩ የሚባል መካኒክ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«አያ ቢራራ፣ ይሄ ሞተር አልቆለታል። ወፍጮ ቤቱ መብራት ከገባለት ወዲህ የናፍጣ ሞተሩ ሥራ ፈቶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ድሮ የጭነት መኪና ሞተር ነበር፤ ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ወፍጮ አዞረ። አርጅቷል፣ ይጮኻል፣ ያጨሳል። ግን ወላሂ አይቆምም! እሱን እንግጠምላት።»

ገጠሙላት። ሞተሩ ሲነሣ «ዱግ ዱግ ዱግ» አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ አባ ዱግዱግ ሆኖ ቀረ። የእሜቴ በሮች ተንገጫገጩ፣ መስታወቶቿ ተንቀጠቀጡ።

«ኤጭ!» አለች እሜቴ። «የቀድሞው ሞተሬ ሲሠራ ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር። ይሄ ገና ከመግባቱ ጥርሴን አራገፈው!»

«እሜቴ» አለ አባ ዱግዱግ፣ «ድምፁ ስለማይሰማ ነው ሲሞት ያላወቅሽለት። እኔ ካለሁ ግን መኖሬን ታውቂያለሽ።»

ኡስታ ኑሩ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ሦስት ነገር ተናገረ። «አያ ቢራራ፣ ስማኝ። አንደኛ፣ አቀበት ከመውጣትህ በፊት ራዲያተሩን ውኃ ሙላው። ሁለተኛ፣ ነዳጅ መያዣዋ አሮጌ ነው፣ ሥሩ ዝገት አለው፤ ናፍጣውን ከግማሽ በታች አታውርደው። ሦስተኛ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን እንዳታጠፋ። ማርሹን አውጥተህ በፎሌ እንዳትለቃት። በማርሽ ያዛት፣ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድሃል።»

አያ ቢራራ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እኮ የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው! ሰው ራሱን ሲነቀንቅ የሰማ ይመስለናል።

ጉዞ ተጀመረ። አቀበቱ ሥር ሲደርሱ አባ ዱግዱግ ተናገረ።

«አያ ቢራራ፣ ውኃ!»

«አሁን? አቀበት ሥር?» አለ አያ ቢራራ። «እኔ ሃያ ዓመት በቅሎ የነዳሁ ሰው ነኝ! ውኃ ጠጥቶ አቀበት የወጣ በቅሎ ሆዱ ይነፋል። አፋፉ ላይ ስንደርስ ትጠጣለህ።»

«እኔ በቅሎ አይደለሁም!»

«ዝም ብለህ ውጣ!»

ዝም ብሎ ወጣ። አንደኛውን ጥምዝ ወጣ፣ ሁለተኛውን ጥምዝ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ራዲያተሩ «ሽሽሽሽ» አለ፣ የውኃው ቱቦ ጧ ብሎ ፈነዳ፣ እንፋሎቱ ኮፈኑን ሊያነሣው ደረሰ። አያ ቢራራ አጠፋውና ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከመንደር የአያ ቢራራ በቅሎ ዳማ መጣች። ከፊት በገመድ አሰሯት፣ ጎረምሶች ከኋላ ገፉ፤ እሜቴን እየጎተቱ ወደ መንደር አስገቧት። መንደርተኛው ተሰብስቦ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሞተሩ ነው።»

«ድሮስ ከወፍጮ ቤት የመጣ ሞተር!»

በማግስቱ ኡስታ ኑሩ አዲስ ቱቦ ይዞ በእግሩ መጣ። አየው፣ ነካካው፣ አሸተተው። «ሞተሩ ምንም አልሆነም» አለ። «ውኃ ነው ያጣው። ቱቦው ነው የፈነዳው።»

«እንግዲያው ሞተሩ ነዋ!» አለ መንደርተኛው።

አባ ዱግዱግ በንዴት አንድ ጥቁር ጭስ ተፋ። ምን ያድርግ? ቱቦው አልተናገረ፣ ራዲያተሩ አልተናገረ። እሜቴማ ጭራሽ በደስታ መብራቷን ጥቅስ ጥቅስ አደረገች፤ እሱን አውጥተው ዝምተኛ ሞተር የሚያመጡላት መስሏት ነበር።

አንድ ወር አለፈ። አያ ቢራራ በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ናፍጣ ይጨምራል፤ አንድ ጣሳ፣ ከዚያ አያልፍም።

«አያ ቢራራ፣ ሙላልኝ» አለ አባ ዱግዱግ። «ከሥር ዝገቱን እያጠጣኸኝ ነው።»

«እኔ ሃያ ዓመት በቅሎ የነዳሁ ሰው ነኝ! ጠግቦ የወጣ በቅሎ መንገድ ላይ ይሰንፋል። ለዛሬ የሚበቃህን ሰጥቼሃለሁ።»

«እኔ በቅሎ አይደለሁም! ኧረ በፈጠረህ!»

«አፍህን ዝጋ!»

አንድ ቀን ስንዱን ወደ ጤና ኬላ ይዟት ሄደ። ሆዷ ገፍቷል፣ ስምንት ወር ሆኗታል። የጤና ባለሙያዋ አየቻትና፣ «እዚህ እንዳትወልጂ፤ ሲጀምርሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ቤት ውረጂ» አለቻት። ሲመለሱ ሜዳው መሀል ላይ አባ ዱግዱግ ሳል ጀመረው። ዱግ... እህህ... ዱግ... እህህ። ከነዳጅ መያዣው ሥር የተጠረገው ዝገት ናፍጣውን የሚያጣራውን ፊልትሮ ዘግቶት ነበር። የሚጠጣው ሲያጣ ቆመ። ስንዱ በዚያ ፀሐይ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እስከ መንደር በእግሯ ሄደች። ይህን ማየት አያ ቢራራን አሳረረው።

ጎማውን በርግጫ መታው። «ስማ አንተ! አንዴ ቆምክ፣ ሁለቴ ቆምክ። ሦስተኛ ብትቆም ነቅዬ ገደል እሰድሃለሁ!»

እንደገና ዳማ መጣች። እንደገና ገመድ ታሰረ። እየጎተተችው ሳለ አባ ዱግዱግ አልቻለም፣ ጠየቃት።

«እትዬ ዳማ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው? ወፍጮ ቤት ሳለሁ በእኔ ምክንያት ሊጥ ያልተቦካበት ቤት የለም። አንድ ቀን እንኳ ገበሬ እህሉን ሳያስፈጭ ተመልሶ አያውቅም። እዚህ ግን ስሜ ጠፋ!»

«ምንም አላደረግኸውም» አለች ዳማ እያለከለከች። «አንተን በቅሎ አድርጎሃል፣ ያ ነው በሽታው። ለእኔ ልክ ነበር እኮ። አቀበት ሥር ውኃ አይሰጠኝም፣ ደግ አደረገ። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነበር የሚያበላኝ፣ ደግ አደረገ። ቁልቁለት ሲደርስ ከጀርባዬ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፣ ያሳርፈኛል፤ እሱንማ ፈጣሪ ይስጠው። ጥሩ የበቅሎ ጌታ ነው።»

«ታዲያ ንገሪው እንጂ! በቅሎ አይደለም በዪው!»

«ሃያ ዓመት ነግሬዋለሁ» አለች ዳማ። «የእኔን ኮርቻ እንኳ አጥብቆ እንደሚያስር ነግሬው አላላላልኝም። አሁን ዝም በልና ልጎትትህ፤ አንተም ቀላል አይደለህም።»

ኡስታ ኑሩ መጣ። ፊልትሮውን ፈታ፣ ዝገቱን መሬት ላይ ደፋው፣ አንድ እፍኝ ሞላ። «ሞተሩ ምንም አልሆነም!» ብሎ ጮኸ። ደጋግሞ መናገሩ እሱንም አንገሽግሾታል። «አያ ቢራራ፣ ቆሻሻ አጠጥተኸው ነው። ሦስት ነገር ነግሬህ ነበር፣ ሁለቱን ጣስክ። ሦስተኛውን ደግሞ...»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ!» አለ አያ ቢራራ። «ደካማ ነው፣ ደካማ ነው በለኝ በቃ። ደካማን እንዴት እንደሚይዙ አንተ አትነግረኝም።»

ስንዱ ግን በር ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ እሷ ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። አንድ ማለዳ ስንዱን ምጥ ጀመራት። አንዲት ጎረቤት ከኋላ ገብታ ትከሻዋን ያዘች። አያ ቢራራ መሪውን ጨበጠ። አባ ዱግዱግ በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ «ዱግ ዱግ ዱግ!» አለ፤ ሜዳውን በጥድፊያ ጨርሶ አፋፉ ላይ ደረሰ። ከፊታቸው ያ ገደል፣ ያ ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችበት መንገድ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል።

እዚህ ላይ፣ ምነው ባልሰማሁት የምትሉትን ነገር ልነግራችሁ ነው። አያ ቢራራ ማርሹን አወጣ። እጁን ወደ ሞተሩ ማጥፊያ ገመድ ዘረጋ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ አባ ዱግዱግ።

«ላሳርፍህ ነው። ቁልቁለቱን መኪናዋ ራሷ ትወርዳለች። ታች ሜዳው ላይ ጉልበትህ ያስፈልገኛል፤ ዛሬ ብትቆምብኝ ልጄ ትሞትብኛለች።»

«አያ ቢራራ፣ አይሆንም! ቁልቁለት ላይ የምይዛችሁ እኔ ነኝ! ፍሬኑ ብቻውን አይችልም! እኔ በቅሎ አይ...»

አያ ቢራራ ገመዱን ሳበው። አባ ዱግዱግ ቃሉን ሳይጨርስ ጸጥ አለ።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። እሜቴ፣ «ኡፍ፣ ጸጥታ እንዴት ደስ ይላል!» አለች። አንደኛውን ጥምዝ ወረዱ። ፍሬኑ «ጋልኩ» አለ። አያ ቢራራ ረገጠው። ሁለተኛውን ጥምዝ ወረዱ። ፍሬኑ «ተቃጠልኩ» አለ፤ ሽታው ውስጥ ድረስ ገባ፣ ጎረቤትየዋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ቢራራ በሁለት እግሩ ረገጠው። ሦስተኛው ጥምዝ ከሩቅ ሲታይ ፍሬኑ «በቃኝ» አለ። የአያ ቢራራ እግር ምንም ሳይዝ እስከ ወለሉ ገባ።

እሜቴ ፈጠነች። ጠጠሩ ከሥሯ ይረጫል። በስተቀኝ ገደል ነው፣ በስተግራ አለት ነው።

«ያን ጩኸታም ቀስቅሰው!» ብላ ጮኸች እሜቴ። «ቀስቅሰው! ጥርሴ ይርገፍ! ሁሉም ይርገፍ!»

አያ ቢራራ ምን እንደሚይዝ ጠፋው። መሪውን ያዘ፣ ፈጣሪን ጠራ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ። አንዴ እንኳ «ሃይ! ሃይ!» አለ፤ አዎ፣ በቅሎ እንደሚያስቆም ሰው። ያን ጊዜ ስንዱ በምጧ መሀል እጇን ከኋላ ዘርግታ የአባቷን ትከሻ ጨመቀችው።

«አባዬ። ኡስታ ኑሩ ሦስተኛ ያለህ ምን ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን...»

«ምን ነበር አባዬ?»

«በማርሽ... በማርሽ ያዛት ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ያዛት! አንድ ልጅ እዚህ መንገድ ላይ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብርም! አንዴ፣ አንዴ ብቻ የተነገረህን አድርግ!»

አያ ቢራራን በሃያ ዓመት የበቅሎ ዘመኑ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ማጥፊያውን ገመድ ወደ ቦታው መለሰ። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ለቀቀው። እሜቴ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ተናጠች። አንድ ጊዜ ተናጠች፣ ሁለት ጊዜ ተናጠች፣ ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ያ አሮጌ ድምፅ ተነሣ።

«...ደለሁም!» አለ አባ ዱግዱግ። «ዱግ! ዱግ! ዱግ!»

ከዚያም ያዛት። እያጓራ፣ እየተንጨረጨረ፣ በጭስ እየታፈነ ያዛት። ሦስተኛውን ጥምዝ አለቱን እየታከኩ ዞሩት። ፍጥነታቸው ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ሰው በእግሩ እንደሚሄድ ሆነ። የቀረውን ገደል በሙሉ እንዲያ ይዞ አወረዳቸው። አንዲትም ጥምዝ ላይ አልለቀቃቸውም። በየመሀሉ ግን አፉ አላረፈም።

«ወፍጮ ቤት ምን ነበረኝ? ደኅና ተቀምጬ ነበር። ዛፍ ነበረኝ። ጥላ ነበረኝ። ማን ና አለኝ? ውኃ ስል በቅሎ፣ ናፍጣ ስል በቅሎ፣ ተው ስል በቅሎ! ስንዱ፣ አይዞሽ እናቴ፣ ደርሰናል። በቅሎ! እኔን!»

«ይቅር በለኝ» አለ አያ ቢራራ በትንሽ ድምፅ።

«መንገዱን እይ!» አለ አባ ዱግዱግ።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ገቡ፤ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። አያ ቢራራ ማርሹን አወጣና እሜቴን በእጅ ፍሬን አቆማት። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ስንዱን በአልጋ ይዘዋት ሮጡ። አያ ቢራራ መኪናዋ አጠገብ ቆመ። አባ ዱግዱግም መዞሩን ቀጠለ፣ ዱግ ዱግ ዱግ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ዘበኛው መጣ።

«አባት፣ ኧረ ይሄን ሞተር ያጥፉት! በሽተኛ አስቸገረ!»

«አላጠፋም» አለ አያ ቢራራ።

«ለምን?»

«እሺ ሳይለኝ አላጠፋውም።»

ዘበኛው ሰውዬውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ግንባሩን ይዞ ሄደ። ያኔ ነው ነርሷ በሩን ከፍታ እየሳቀች የወጣችው። «ወንድ ልጅ ነው! እናትየዋም ደኅና ናት! ሲያለቅስ ግቢውን አናጋው እኮ፣ አልሰማችሁትም?»

አያ ቢራራ እንባው በጺሙ ላይ ወረደ። ኮፈኑን ከፈተና በዘይት የተጨማለቀውን አሮጌ ብረት በሁለት መዳፉ ነካው፤ እጁን አቃጠለው፣ አላነሣም።

«ሰማህ?» አለው። «ልጁ እያለቀሰ ነው አለችኝ።»

«እኔ እየጮኽኩ እንዴት ይሰማኛል?» አለ አባ ዱግዱግ።

አያ ቢራራ እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። «ላጥፋህ?»

«አሁን አጥፋኝ» አለ አባ ዱግዱግ። «ሜዳ ላይ ነን። ልጁንም ልስማው።»

አያ ቢራራ ገመዱን ቀስ ብሎ ሳበ። ግቢው ጸጥ አለ፤ በመስኮቱም የሕፃኑ ልቅሶ መጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ጉልበቱን ሁሉ እያወጣ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተም ትልልቆቹ፣ የምላችሁ ይሄን ነው። የሚያገለግላችሁን ሁሉ በምታውቁት በአንዱ አትለኩት፤ ውኃ ሲላችሁ ውኃ ስጡት፣ ተው ሲላችሁ ተዉ። ሳይደክም ደከመ ብላችሁ የምታሳርፉት፣ ምናልባት እናንተን ከገደል ይዞ የቆመው እሱ ነው።

ተረቴ እዚህ ላይ ደረሰ፣ ማርሹንም አወጣሁ። አፌ ናፍጣ ናፍጣ ብሏል፤ አንዳችሁ ተነሡና ውኃ አቀብሉኝ፣ አቀበት ሥር ነው ብላችሁ እንዳትከለክሉኝ።